ያልታደሰው ስም

«አትርገጠው!» ብላ ጮኸች ቪያ። ሬንስ ግን አንድ እግሩን አሻግሮ ጨርሷል።

ደረጃው ጠባብ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ መሰላል በለው። ፎልከርት ሁክሴማ ደግሞ ከታች ተዘርግቷል። በሩ ወደ ውጭ ባይከፈት ኖሮ መግባትም አይቻልም ነበር። እና ሬንስ አንድ እግር መሬት ላይ፣ አንድ እግር ሶስተኛው ደረጃ ላይ፣ መሃል ላይ ሬሳ፣ እጁን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቀረ።

«አለቃ፣ እንዲህ ሆኜ ብዙ አልቆይም።»

«ፎቶ አንሺው እስኪጨርስ ንቅንቅ እንዳትል።»

«ሱሪዬ ሊተረተር ነው እኮ።»

«ይተርተር።»

ኢንስፔክተር ቪያ ሃምስትራ እንዲህ ናት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሃያ ስምንቱን እዚሁ ቬንዳም ፖሊስ ጣቢያ ነው ያሳለፈችው፣ ከረዳቷ ከሬንስ ጋር ደግሞ ስድስት ዓመት ሰርታለች፣ ለሱሪው አዝናለት አታውቅም።

ሟቹን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከአይብ ሱቁ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ዶሜይን ይሸጥ ነበር። ዶሜይን ማለት ያው ድረ ገጽህና ኢሜይልህ የሚጠሩበት ስም ነው፤ በየዓመቱ ካላሳደስከው ይሞታል። ፎልከርት ከአንድ ትልቅ ድርጅት በጅምላ ይወስድና ለዳቦ ቤቱ፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለአበባ ሻጯ ይቸረችራል። ስም መሸጥ አያበላም፣ ማደስ ነው የሚያበላው። ደንበኛህ በየዓመቱ ተመልሶ ከመጣ ኖርክ፤ ጎረቤት ነጋዴ ካሳደሰለት አለቀልህ።

የአይብ ሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ግሪት እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ድም አለ። አይብ የወደቀ መሰለኝ» አለች።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሩብ ጉዳይ ለአስር። ሬዲዮው ሰዓቱን ሲናገር ነው።»

«ከዚያስ?»

«እግር ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እግር ሰማሁ።»

«አንድ ሰው ሁለቴ ነው ወይስ ሁለት ሰው?»

ወይዘሮ ግሪት ቪያን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እግር እኮ ስም የለውም፣ የኔ ልጅ። ደግሞ ደንበኛ ነበረኝ።»

ላይ ሲወጡ ቢሮው መስኮት ላይ አርባ ደብዳቤ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሂሳብ መጠየቂያ ይመስላሉ፦ «የስምዎ ማደሻ ቀን ደርሷል። እዚህ ላይ ይፈርሙ።» ከታች፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ «ይህ የዝውውር ጥያቄ ነው» ይላል። ማለትም የፈረመ ሰው ያሳደሰ ይመስለዋል እንጂ ነጋዴ ነው የቀየረው። በሁሉም ላይ ፎልከርት በቀይ እስክሪብቶ «ሌባ!» ብሎ ጽፎበታል። ከስር ደግሞ የላኪው ስም አለ፣ ኒልስ ክራምፕ።

«እንግዲህ ቶሎ አለቀ» አለ ሬንስ።

ቪያ ግን የአቃፊ መደርደሪያውን እያየች ነበር።

*

ኒልስ ክራምፕ ፖሊስ ጣቢያው ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በመሃረብ ጠረገው።

«ሰው የተቀመጠበት ነው እኮ» አለው ሬንስ።

«ለዚህ ነው የምጠርገው።»

ሰላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ግሮኒንገን ከተማ መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ አለው፣ ጫማው ያብረቀርቃል።

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለችው ቪያ።

«ዝዎለ ከተማ። ደንበኛ ጋ።»

«ስሙን ጥራልኝ።»

«ስንቱን ልጥራ? ብዙ ናቸው።»

«አንዱ ይበቃኛል።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የሽማግሌ ደንበኛ ወስጃለሁ። ልክ ነው። ሕግ ግን አልጣስኩም፤ ደብዳቤዬን ጠበቃ አይቶታል። ፎልከርት የሚያሳድሰው በፖስታ ቤት ቴምብር ነበር እኮ! ሰዎቹ ራሳቸው ነው የሸሹት።»

ሬንስ ፎቶ አስቀመጠለት። የኒልስ መኪና፣ ቬንዳም፣ ከአይብ ሱቁ ሁለት መቶ ሜትር የሚርቅ መኪና ማቆሚያ። ረቡዕ፣ አስር ሰዓት ከአምስት።

ኒልስ ፎቶውን አየ፣ ጫማውን አየ።

«ቡና ልጠጣ ነው የመጣሁት።»

«ከግሮኒንገን እስከዚህ? ቡናችን እኮ ያቅለሸልሻል» አለ ሬንስ።

ከዚያ ቪያ ሁለተኛውን ወረቀት አወጣች። እያንዳንዱ ዶሜይን የመዛወሪያ ኮድ አለው። ኮዱን የያዘ ሰው ስሙን ወደ ራሱ ሱቅ ይወስደዋል። ፎልከርት ጥርሱን ቢነቅሉትም ኮድ አይሰጥም ነበር። ረቡዕ ግን አስር ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ድም ካለ ከሰላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ ከራሱ ከፎልከርት ኮምፒውተር ላይ የሁለት መቶ አስራ ሁለት ደንበኛ ኮድ ተወስዷል። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ኒልስ ሱቅ ገብተው ተገኙ።

«የሞተ ሰው ነው እንዴ ያስረከበህ?» አለችው።

ኒልስ ያኔ ነው የተሰበረው። የሚያብረቀርቀው ነገር ሁሉ ባንዴ ጠፋበት።

«ሱቁን ልገዛው ነበር የመጣሁት። እውነቴን ነው። በሩን ስከፍት ወድቆ አገኘሁት። ሞቷል።»

«እንዴት አወቅክ?»

«አይንቀሳቀስም ነበር።»

«ትንፋሹን አየህ?»

ኒልስ መሃረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

«አምቡላንስ ጠራህ?»

«አልጠራሁም።»

«ታዲያ ምን አደረግክ፣ ኒልስ?»

«ተሻገርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ላይ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። ከዚያ ስወርድ ደግሞ... ተሻገርኩት።»

ዓቃቤ ሕግ ዴርክስ በዚያኑ ዕለት በደስታ እጁን አፋተገ። ጠብ አለ፣ ውሸት አለ፣ እዚያው መገኘት አለ፣ ስርቆት አለ። «አስራ ሁለት ዓመት ያገኛል» አለ። ኒልስን እጁን ይዘው ሲያስወጡት ዞሮ ቪያን አያት። «ሌባ ነኝ» አላት። «ሌባ ብለሽ እሰሪኝ። ግን አልገፋሁትም።»

ችግሩ፣ ቪያ አመነችው።

*

«ለምን?» አለ ሬንስ። ፎልከርት ቢሮ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በአይብ እየበሉ ነው።

«አቃፊዎቹን ቁጠር።»

መደርደሪያው ላይ ሦስት መቶ አርባ የወረቀት አቃፊ አለ። ሁሉም ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ሬንስ በጣቱ እየነካ ሄደና ቆመ። ከ112 ቀጥሎ 114 ነው። መሃል ላይ አቧራ የሌለበት ቀጭን ቦታ።

«ኒልስ ሁለት መቶ አስራ ሁለቱን ከኮምፒውተር ወስዶ» አለች ቪያ፣ «አንድ ወረቀት ለምን ተሸክሞ ይሄዳል? ምን ሊያደርግለት?»

ኮምፒውተሩ ላይ ፈለጉት። 113፣ ማሪስከ ኦልትሆፍ፣ የመስታወት ጥበብ። ፎልከርት ወደ ተፎካካሪ የሄደ ደንበኛ አጠገብ ሁሌም አንድ ቃል ነው የሚጽፈው። እዚህም ጽፏታል። «ሄደች።»

ሬንስ የኒልስን ዝርዝር አመጣ። እዚያም ማሪስከ አለች። በጥር ወር ያንን ደብዳቤ ፈርማ ከፍላለች። አጠገቧ «እየመጣች ነው» ይላል።

«ማን አሳደሰላት ታዲያ?» አለ ሬንስ።

ቪያ ስልኳ ላይ የማሪስከን ድረ ገጽ አድራሻ ጻፈች። ምንም የለም። ያ ስም የማንም አይደለም።

እንዲህ ነበር የሆነው። ኒልስ ኮድ ጠየቀ፣ ፎልከርት በእልህ ከለከለ፤ ግን እሷን ከሚያድስላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ አወጣት፣ ሄዳለቻ! ኒልስ ደግሞ ኮዱ እስኪመጣ ብሎ አላደሰም፣ ገና አልመጣችማ! አንዱ ያኛው አሳድሷል አለ፣ ያኛው ይኼኛው ይዟታል አለ። ስሙ በሄደችና በመጣች መሃል ወደቀ። የወደቀ ስም አርባ ቀን ኳራንቲን ይቀመጣል፤ ያው እንደ ተዝካር በለው፤ እስከዚያ ባለቤቱ ካልመጣ ለማንም ነጻ ይሆናል። ኢሜይሉም አብሮ ይሞታል። ማስጠንቀቂያው የት ነው የተላከው? እዚያው በሞተው ኢሜይል ላይ።

«ሴትዮዋ የት ናት?» አለች ቪያ።

ሬንስ መዝገቡን አየ። «ሰኔ ላይ ሞታለች። ካንሰር። ባል አላት።»

*

ሃርም ኦልትሆፍ ድልድይ ከፋች ነው። ቦዩ ላይ ያሉትን ድልድዮች በሳይክል እየተከተለ፣ ለመጣው ጀልባ አንዱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ጀልባውን ቀድሞ ወደሚቀጥለው ይጋልባል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ረጅም፣ ጆሮው በነፋስ የቀላ።

«ፎልከርት ሁክሴማን ያውቁታል?» አለችው ቪያ።

«ሰው ሁሉ ያውቀዋል።» ማንሻውን እየጠመዘዘ ነው። «ኧረ ቀስ በል፣ አንተ! ድልድዩን ይዘኸው ልትሄድ ነው?» አለ ወደ ጀልባው።

«ባለቤትዎ ደንበኛው ነበረች።»

«ነበረች።»

«ረቡዕ ሩብ ጉዳይ ለአስር ላይ የት ነበሩ?»

ከደረት ኪሱ መዝገቡን አውጥቶ ሰጣት። ሦስተኛው ድልድይ፣ ዘጠኝ ሃያ አምስት። አራተኛው ድልድይ፣ ሩብ ጉዳይ ለአስር። ልክ በደቂቃው።

«ይህን የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው ያየዋል?»

«ድልድይ እኮ ነው፣ ወይዘሮ። ማን ያየዋል?»

መኪናው ውስጥ ገብተው ሬንስ ቀበቶውን እያሰረ፣ «ቀዝቃዛ ሰው ነው» አለ።

«ፎልከርት እንዴት ሞተ ብሎ አልጠየቀም» አለች ቪያ። «ማን ገደለው ብሎም አልጠየቀም።»

ሬንስ በዚያ ረቡዕ ያለፈውን ጀልባ ፈልጎ ባለቤቱን በስልክ አገኘው። ጀርመናዊ ጡረተኛ ነው። «አራተኛው ድልድይ ላይ ቆማችሁ ነበር?» ሲለው ሰውዬው ሳቀ። «ድልድይ እኮ ሁሌ ያቆማል! አስር ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት እኔ ምን አውቃለሁ? ወይን ከፍተን ነበር።»

ያ በር ተዘጋ።

ቪያ እንግዲህ ያንን ነገር ያደረገችው ያኔ ነው። ቤቷ ገባች፣ ሰባት ዩሮ ከፈለች፣ የማሪስከን ስም ገዛች። ወደ እሱ የሚላክ ማንኛውም ኢሜይል እሷ ጋ እንዲገባ አደረገች።

«አለቃ» አለ ሬንስ ጠዋት ሲሰማ፣ «ይሄ የሞተች ሴት ፖስታ መክፈት ነው።»

«ስሙ ነጻ ነበር። ማንም ይገዛዋል።»

«ማንም ፖሊስ አይደለም።»

«ማን እንደሚጽፍላት ብቻ ልይ ብዬ ነው።»

ሁለት ቀን የመጣው የመስታወት ቀለም ማስታወቂያና የክኒን ሻጭ ቆሻሻ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቪያ ሾርባዋን ልትቀምስ ስትል ስልኳ ጮኸ።

*

«ማሪስከ፣

ዛሬ ዘጠኝ ጀልባ አሳለፍኩ። የጎረቤት ድመት መስሪያ ክፍልሽ ውስጥ ወልዳለች፣ አራት ናቸው፣ አላስወጣኋቸውም። ፖሊሷ መጥታ ነበር። ዋሸኋት። ላንቺ ግን አልዋሽም።

አቃፊሽን ልወስድ ብቻ ነው የሄድኩት። የሉቨኑ የካንሰር ሐኪምሽ ጸሐፊ ነሐሴ ላይ በፖስታ የጻፈችልኝን አሳየሁት። አዲሱ ሕክምና ላይ ቦታ ተገኝቶልሽ ሁለቴ ኢሜይል ልከውልሽ፣ ሁለቴም ‹አድራሻው የለም› ብሎ ተመልሶባቸው፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ስሟን ማነው የጣለው? አልኩት። ዝርዝሩን ከፈተ። በጣቱ ወረደ፣ ወረደ። ‹ኦልትሆፍ... አዎ። እሷማ ሄደች› አለኝ። ሻይ እየጠጣ። ሄደች! የሥራ ቃሉ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ያኔ አልገባኝም። ተነስቶ ደረጃው ጫፍ ላይ ሆኖ በሩን ሲያሳየኝ ገፋሁት። አልጮኸም። አቃፊሽን ይዤ ወጣሁ።»

ሾርባው ቀዘቀዘ።

ዓቃቤ ሕግ ዴርክስ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ወደ ቪያ ገፋው፣ የሚያቃጥል ነገር ይመስል።

«ከየት አመጣሽው?»

ነገረችው።

«ያለ ዳኛ ፈቃድ?»

«ያለ ፈቃድ።»

«አበድሽ እንዴ፣ ቪያ?»

«ቤቱን እንፈትሽ። አቃፊው እዚያ ነው።»

«በምን ምክንያት? በዚህ? በዚህ ጀምረሽ ያገኘሽው ሁሉ ይወድቃል።»

«እሺ፣ ለክራምፕ ጠበቃ ልስጠው።»

«ስጪው! ሃርም አልጻፍኩም ይላል። ከዚያ ጠበቃም ዳኛም የሚጠይቁሽ አንድ ጥያቄ ነው፦ የመልዕክት ሳጥኑ የማነው? ያንቺ። በሰባት ዩሮ የገዛሽው። ደብዳቤውን ራስሽ እንዳልጻፍሽው በምን ታሳያለሽ?» ተነፈሰ። «ክራምፕ አለኝ። ሰው ወድቆ አይቶ የተሻገረ ሰው ነው። እንቅልፍ አይነሳኝም። አርብ ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡን ታስረክቢያለሽ። ያንን ስም ደግሞ ከዚያ በፊት ሰርዢው። እኔ አልሰማሁም፣ አንቺም አልነገርሽኝም።»

ቪያ ወደ ድልድዩ ሄደች። ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ «ሃርም» አለችው፣ «ኒልስ ክራምፕ ባልገደለው ሰው አስራ ሁለት ዓመት እስር ቤት ሊገባ ነው።»

ሃርም ማንሻውን ለቀቀ። «ደብዳቤውን ለማሪስከ የላከላት እሱ ነው» አላት። «ፈርማ፣ ከፍላ፣ ‹ተመስገን፣ አንድ ነገር ጨረስኩ› ብላ ተኛች። ያኔ በቀን ሁለት ነገር እንኳን መጨረስ አትችልም ነበር።»

«መግደልና ማታለል አንድ አይደለም።»

«አይደለም» አለ። ማንሻውን መልሶ እየያዘ፣ «ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?»

«ሰላሳ አራት።»

ጀልባ መጣ። ሃርም ዞረ፣ ድልድዩን ከፈተ።

*

አርብ ጠዋት ኒልስ ካለበት እስር ቤት ተደወለ። ሬንስ ነው ያነሳው። መስሚያውን አስቀምጦ ወደ ቪያ ዞረ።

«ምንድነው?» አለችው ቪያ።

«ክራምፕ ልፈርም እያለ ነው። ጠበቃው ‹ገፋሁት በል፣ ሳላስበው ነው በል፣ ወደ ስምንት ዓመት ያወርዱልሃል› ብሎታል። ማንም ካላመነኝ ምን አማራጭ አለኝ ብሎ እያለቀሰ ነው አሉ።»

«መቼ ነው የሚፈርመው?»

«ዛሬ። መዝገቡ እንደገባ።»

ሩብ ጉዳይ ለስድስት ላይ ቪያ ስሙን ልትሰርዝ ገጹን ከፈተች። ‹ሰርዝ› የምትለዋ ቁልፍ ቀይ ናት። እጇ እዚያ ላይ እያለ ስልኳ ጮኸ።

«ማሪስከ፣

ከሰኔ ጀምሮ የላክሁልሽ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ይመለስልኝ ነበር። ‹አድራሻው የለም› የሚለውን አንብቤ ነበር የምተኛው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አይመለስም። አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን የሆነ ቦታ እየገባ ነው።

አንተ፣ ወይም አንቺ፣ እዚያ ያለሽው፦ አንብበሽዋል? ያ ልጅ ሰላሳ አራት ዓመቱ ነው አሉኝ። ማሪስከ ብትኖር ‹ሂድና ተናገር› ትለኝ ነበር ወይስ ‹ተወው› ትለኝ ነበር? ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቅም። አንድ ቃል ጻፉልኝ። ያ ቃል የሚለኝን አደርጋለሁ። ቀጥሎ የምልከው ደግሞ ከተመለሰብኝ፣ እዚያ ማንም የለም ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም።»

ሬንስ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አነበበው።

«‹ሂድ› በይው» አለ በሹክሹክታ። «ሁለት ፊደል ናት።»

«በማን ስም?»

«በእሷ... እኔ እንጃ። በማንም።»

«በሚስቱ ስም ጽፌ፣ ሐዘንተኛ አታልዬ፣ ቃሉን ልቀበለው? ያንንም ዳኛው ይጥለዋል። እሱ ደግሞ ማን እንደጻፈለት የሚያውቅበት ቀን ይመጣል።»

«በራስሽ ስም ጻፊው እንግዲህ።»

«ፖሊስ ነኝ፣ የሚስትህን ደብዳቤ ስከፍት ነበር ልበለው? ዳግመኛ አፉን ይከፍታል?»

«ዝም ካልሽ ክራምፕ ይፈርማል።»

«አውቃለሁ፣ ሬንስ።»

ኮሪደሩ ላይ የዴርክስ ጫማ ተሰማ። መዝገቡን ሊወስድ ነው። ሬንስ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፣ አንድ ደቂቃ ሊያቆይላት። በአንዱ መስኮት ቀይዋ ቁልፍ አለች፣ በሌላው ባዶ የመልስ ገጽ። ከላይ የላኪው አድራሻ ላይ ማሪስከ የሚለው ስም ብቻ ተጽፏል።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትጽፉለት ነበር?